በጮቄ ግርጌ የዘረጋነው የዲሲ መስመርና ኮንቨርተር ያሳየኝ

የ2012 ዓ.ም. የጥምቀት ዕለት፣ ታቦቱ ወደ መንበሩ ከተመለሰ በኋላ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ፣ በመንደራችን ካሉት ቤቶች በአንዱ ቴሌቪዥን ሊከፈት ሲል «ጧ» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ አምፖሎቹ ለቅጽበት ከወትሮው በላይ ቦግ ብለው ጠፉ፤ ክፍሉም በተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ታወደ። ቴሌቪዥኑ በ12 ቮልት የሚሠራ ነበር፤ የደረሰው ግን 59 ቮልት ያህል ነው። ከባትሪው የሚመጣውን ከፍ ያለ ቮልት ወደ 12 እንድታወርድ ግድግዳው ላይ የሰቀልኋት፣ ከክብሪት ሳጥን ብዙም የማትበልጥ ኮንቨርተር ከባትሪው የመጣውን እንዳለ አሳልፋ ሰጥታ ነበር። መርጬ የገዛኋትም የሰቀልኋትም እኔ ስለሆንሁ በዚያ በዓል ቀን የቤቱን ባለቤት ፊት ማየት ከብዶኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዓመታት የተማርሁትን የምጽፈው፣ በገጠር ለጥቂት ቤቶች የጋራ የፀሐይ ኤሌክትሪክ ለመዘርጋት የሚያስቡ ሰዎች በተመሳሳይ ሳጥን እንዳይጎዱ በማሰብ ነው።

እኔ በደብረ ማርቆስ በአንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ኤሌክትሪክ አስተምራለሁ። የተወለድሁባት መንደር ከከተማው ወደ ጮቄ ተራራ በሚያስወጣው በኩል፣ 2,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ ገብስና ድንች የምታበቅል ቀበሌ ውስጥ ናት። ጎጃም የጢስ ዓባይን ኃይል ማመንጫ ካየ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ ዘመን አልፎታል፤ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው ጣና በለስም ብቻውን 460 ሜጋ ዋት ማመንጨት የሚችል ነው። ኃይል ማመንጨትና ሽቦውን ገደል አሻግሮ 14 ቤት ላላት መንደር ማድረስ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ በ2011 ዓ.ም. በየከተማው ያለን የመንደሩ ልጆች ገንዘብ አዋጣን፤ እድሩ ገንዘቡን ተረክቦ ተቆጣጠረ፤ እያንዳንዳቸው 330 ዋት የሆኑ ስድስት የሶላር ፓኔሎችና 200 አምፔር ሰዓት የሚይዙ አራት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ተገዙ። ባትሪዎቹን በተከታታይ አያይዘን 48 ቮልት አደረግናቸው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ካለች ትንሽ ቤት ተነሥቶ በባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ ወደ 14ቱ ቤቶችና ወደ አብነት ትምህርት ቤቱ የሚሄድ መስመርም ዘረጋን።

ለምን እንደ ከተማው 220 ቮልት አላደረግነውም ብለው የሚጠይቁ አሉ። ፓኔሉ የሚሰጠው፣ ባትሪው የሚያጠራቅመው፣ የኤልኢዲ አምፖሉ፣ ስልኩና አነስተኛው ቴሌቪዥን የሚፈልጉት ሁሉ ቀጥተኛ ጅረት፣ ማለትም ዲሲ ነው። በመካከል ኢንቨርተር አስገብቶ ወደ ኤሲ (ተለዋዋጭ ጅረት) መቀየርና እያንዳንዱ ዕቃ በራሱ ቻርጀር መልሶ ወደ ዲሲ እንዲቀይረው ማድረግ፣ ያለችውን ጥቂት ኃይል ሁለት ጊዜ ቀረጥ ማስከፈል ነው፤ ትልቅ ኢንቨርተር ደግሞ አንድ አምፖል ሳይበራ እንኳ ሌሊቱን ሙሉ የራሱን ይበላል። ጸጉር ቤት የከፈተው ወጣት ለመላጫው 220 ቮልት ስለሚፈልግ ለእርሱ ብቻ 300 ዋት የሆነች ኢንቨርተር ሰጠነው፤ ደንበኛ ሲመጣ ያበራታል፣ ሲሄድ ያጠፋታል።

በ12 ቮልት ለምን አልዘረጋችሁም ለሚለው ደግሞ መልሱ በሒሳብ ይታያል። 60 ዋት የሚፈልግ ቤት በ12 ቮልት 5 አምፔር ይስባል። ቤቱ 100 ሜትር ርቆ በ4 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ ቢያያዝ፣ መሄጃና መመለሻው 200 ሜትር ስለሆነ የሽቦው ሬዚስታንስ (ለጅረት የሚያሳየው ተቃውሞ) 0.875 ኦም ይሆናል፤ በመንገድ የሚጠፋው 4.4 ቮልት ነው፤ ከ12ቱ ከሲሶ በላይ ማለት ነው። ያው 60 ዋት በ48 ቮልት ሲላክ ጅረቱ 1.25 አምፔር ብቻ ስለሚሆን የሚጠፋው 1.1 ቮልት ነው፤ በሽቦው ላይ ሙቀት ሆኖ የሚባክነው ኃይልም በ16 እጥፍ ያንሳል። ከ60 ቮልት በታች መቆየቱ ደግሞ እርጥብ እጅ ያለው ሰውና ሕፃን ባሉበት ቤት ከ220 እጅግ የተሻለ ደኅንነት ይሰጣል። እንዲህ ሲሆን ግን ከመስመሩ 48 ቮልት ወደ ዕቃዎቹ 12 ቮልት የሚያወርድ ነገር በየቤቱ ያስፈልጋል፤ የኮንቨርተር ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1882 በኒውዮርክ ፐርል ስትሪት የጀመረው የኤሌክትሪክ አገልግሎት ዲሲ ነበር። የተሸነፈው ዲሲን ከፍ ዝቅ አድርጎ በሩቅ መላክ የሚያስችል ቀላል መሣሪያ ስላልነበረ ነው፤ ኤሲ ትራንስፎርመር ነበረው፣ ትራንስፎርመር ደግሞ በማይለዋወጥ ጅረት አይሠራም። ዛሬ ይህን ክፍተት የሚሞሉት በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ የሚከፈቱና የሚዘጉ ትራንዚስተሮች ናቸው። 48ን ወደ 12 የሚያወርድ ኮንቨርተር ውስጥ ያለው ዋና ትራንዚስተር ከእያንዳንዱ ዙር ሩብ ያህሉን ብቻ ተከፍቶ ጅረት ያሳልፋል፣ ሦስት ሩቡን ይዘጋል፤ የተቆራረጠውን ጅረት ጥቅል ሽቦና ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚያጠራቅመው ካፓሲተር አለስልሰው አማካዩን 12 ቮልት ያወጡታል። ቮልት ከፍ የሚያደርገው ዓይነትም በዚያው መርሕ፣ የክፍሎቹ አቀማመጥ ተለውጦ ይሠራል። ለተማሪዎቼ ይህን ለዓመታት ሳስተምር ነበር፤ ትራንዚስተሩ ሲበላሽ ምን እንደሚሆን ግን አንድም ቀን ትኩረት ሰጥቼ አስተምሬ አላውቅም።

ትራንዚስተር በአብዛኛው ሲቃጠል ጅረቱን አቋርጦ አይቀርም፤ ሁለቱ ጫፎቹ ተጣብቀው እንደ ሽቦ ይሆናል። በቀላሉ የሚገኘው፣ ትራንስፎርመር የሌለው አውራጅ ኮንቨርተር ውስጥ ይህ ሲሆን መግቢያው ከመውጫው ጋር በቀጥታ ይገናኛል፤ የጥምቀት ዕለትም የሆነው ይኸው ነው። እንዲቃጠል ያደረገውን ለማግኘት ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ሳጥኑ ላይ «እስከ 60 ቮልት» የሚል ጽሑፍ አለ፤ መስመሩ ደግሞ 48 ነው ብዬ 12 ቮልት ትርፍ ያለኝ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን «48 ቮልት» ስም እንጂ ልክ አይደለም። አራቱ ባትሪዎች በደንብ ሲሞሉ እያንዳንዳቸው 14.4 ቮልት ስለሚደርሱ መስመሩ 57.6 ይሆናል። ከዚህ በላይ የባትሪውን መሞላት የሚቆጣጠረው ቻርጅ ኮንትሮለር ባትሪው ሲቀዘቅዝ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ቮልቱን በጥቂቱ ይጨምራል፤ በዚያ የጥር ብርድ የባትሪው ክፍል 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለነበር መስመሩ 59 ደርሷል። ሰው ሁሉ ታቦት ተከትሎ ወጥቶ ስለዋለ ኃይል የሚጠቀም አልነበረም፤ ባትሪው በማለዳ ሞልቶ ቀኑን ሙሉ በዚያ ከፍታ ላይ ተቀምጦ ነበር።

እስከ 60 የቀረችው አንዲት ቮልት የታለፈችው ማብሪያው ሲጫን ነው። ረጅም ሽቦ ራሱ እንደ ጥቅል ሽቦ ጉልበት ይይዛል፤ ባዶ ካፓሲተር ያለው ኮንቨርተር በድንገት ሲገናኘው ቮልቱ ዘልሎ ከመስመሩ በላይ ይወጣል፤ አንዳንዴ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። ዝላዩ በጣም አጭር ስለሆነ በተራ ቴስተር አይታይም፤ ኮሌጁ ውስጥ ያለውን፣ የቮልትን ፈጣን ለውጥ በስክሪን የሚያሳየውን ኦሲሎስኮፕ ተውሼ ተመሳሳይ ርዝመት ያለው ሽቦ ዘርግቼ ስሞክረው ነው በዓይኔ ያየሁት። ስለዚህ ለ48 ቮልት መስመር ኮንቨርተር የሚገዛ ሰው «እስከ 60» የሚለውን ፈጽሞ እንዳይቀበል እመክራለሁ። በቴሌኮም ጣቢያዎች ለሚሠራበት 48 ቮልት የሚመረቱት ኮንቨርተሮች ከ36 እስከ 75 ቮልት የሚቀበሉ ናቸው፤ ብዙዎቹም መግቢያና መውጫቸው በትራንስፎርመር የተለያየ ነው። የእነዚህ ትራንዚስተር ቢጣበቅ የሚቃጠለው የመግቢያው ፊውዝ ነው፤ የማይቆራረጥ ጅረት በትራንስፎርመር ስለማያልፍ ከወዲያ ያለው ቴሌቪዥን ይጠፋል እንጂ አይነድም። ዋጋቸው ግን ከፍ ያለ ነው። እኛ ቴሌቪዥን ላላቸው ቤቶች እነዚህን ገዛን፤ አምፖልና ስልክ ብቻ ላላቸው ግን ርካሾቹን፣ መግቢያቸው ሰፋ ያለውን መርጠን፣ በመውጫቸው ላይ ባለ 15 ቮልት የመከላከያ ዳዮድ፣ በመግቢያቸው ላይ ባለ 3 አምፔር ፊውዝ ጨምረንባቸው አስቀረናቸው። ቮልቱ ከልኩ ሲያልፍ ዳዮዱ ራሱን ሠውቶ መስመሩን ያገናኛል፤ ፊውዙ ይቆረጣል። እንዲህ ያለ አንድ ዳዮድ ከዚያ በኋላ ተቃጥሎ አግኝቻለሁ፤ ቤቱ ውስጥ ሌላ አንድም ነገር አልተነካም ነበር።

ብርድ ያጠፋብን በዚያ ብቻ አይደለም። ከጥምቀት በፊት፣ በኅዳር፣ ቻርጅ ኮንትሮለሩ ራሱ፣ እርሱም ትልቅ ኮንቨርተር መሆኑን ልብ ይሏል፣ አንድ ማለዳ ሞቶ ተገኝቷል። የእያንዳንዱ ፓኔል የክፍት ቮልት፣ ማለትም ምንም ሳይያያዝበት የሚያሳየው፣ በጀርባው እንደተጻፈው 46.8 ነው፤ ሁለት ሁለቱን በተከታታይ አያይዘን 93.6 አገኘን፤ ኮንትሮለሩ እስከ 100 ይችላል ስለተባለ በቂ ነው አልሁ። በፓኔሉ ጀርባ ያለው ቁጥር ግን በ25 ዲግሪ የተለካ ነው፤ ፓኔል ሲሞቅ ቮልቱ ይወርዳል፣ ሲቀዘቅዝ ይጨምራል፤ ጭማሪው ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.3 በመቶ ያህል ነው። ውርጭ ባደረበት ማለዳ ፓኔሉ ዜሮ ዲግሪ ላይ ሳለ ፀሐይ ብቅ ስትል የ25 ዲግሪው ልዩነት 7.5 በመቶ ይጨምራል፤ 93.6 የነበረው 100.6 ይሆናል። ኮንትሮለሩ ገና መሳብ ስላልጀመረ ያ ሁሉ ቮልት በቀጥታ ያርፍበታል። ይህን ለአንድ የቆላ ሰው ብነግረው እንዲህ ያለ ነገር አጋጥሞት እንደማያውቅ ይነግረኛል፤ እውነቱን ነው፤ በዓባይ በረሃ አፋፍ ያለ ፓኔል ችግሩ ሌላ ነው። ደጋ ላይ የሚዘረጋ ግን በጀርባው የተጻፈውን የክፍት ቮልት በ1.15 ያህል አባዝቶ ከዚያ በላይ የሚችል ኮንትሮለር ይግዛ። እኛ ባለ 150 ቮልት ገዝተን ተገላገልን።

ቀጥሎ የመጣው የፓምፑ ነገር ነው። የአብነት ትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ከታች ካለው ምንጭ ውኃ በጀሪካን ያመላልሱ ነበር፤ 24 ቮልትና 250 ዋት የሆነ የዲሲ ፓምፕ በበጎ አድራጊ ተገኘላቸው። ይህ ፓምፕ ሲሠራ 10.4 አምፔር ይፈልጋል። በገበያ ያገኘሁት 48ን ወደ 24 የሚያወርድ ኮንቨርተር 10 አምፔር ብቻ ይሰጥ ስለነበር ሁለት ገዝቼ ጎን ለጎን አያያዝኋቸው፤ ሁለቱ ተካፍለው አምስት አምስት ይይዛሉ ብዬ ነው። ያየሁት ግን አንዱ እሳት ሲሆን ሌላው እንደ ቀዘቀዘ መቀመጡን ነው። ጥቂት ቆይቶ የጋለው ራሱን ያጠፋል፤ ሸክሙ ሁሉ በሌላው ላይ ይወድቃል፤ እርሱም አይችልምና ይጠፋል፤ ፓምፑም ሲነሣና ሲቆም ይውላል።

አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በመቀናጆ ሲያርሱ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። በሬዎቹ እርምጃቸው እኩል ካልሆነ ቀንበሩ የሚያርፈው በሚፈጥነው ላይ ነው። የእኔ ኮንቨርተሮች አንዱ 24.2 ሌላው 23.9 ቮልት ያወጡ ነበር፤ የ0.3 ቮልት ልዩነት ለዓይን ምንም አይደለም። የሚያገናኛቸው አጭር ወፍራም ሽቦ ሬዚስታንሱ 0.02 ኦም ያህል ስለነበር ግን ልዩነቱን ለመሙላት የ15 አምፔር ብልጫ ይጠየቃል፤ ፓምፑ ከሚፈልገው ሁሉ ስለሚበልጥ ከፍ ያለው ብቻውን ሁሉንም ይጎትታል። መፍትሔው ኮንቨርተሩ ሸክም ሲጨምርበት ቮልቱን በጥቂቱ ዝቅ እንዲያደርግ ማድረግ ነው፤ የሚፈጥነው በሬ ሲከብደው ወደኋላ እንዲቀር ማለት ነው። በትልልቅ የዲሲ መረቦች ይህን ኮንቨርተሩ ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ ይሠራዋል። እኔ ግን በሽቦ ሠራሁት፤ ከእያንዳንዱ ኮንቨርተር መውጫ 10 ሜትር ርዝመት ያለው 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ አስገባሁ፤ ይህ 0.117 ኦም ነው። አሁን የ0.3 ቮልቱ ልዩነት የሚፈጥረው ብልጫ 2.6 አምፔር ያህል ብቻ ስለሆነ አንዱ 6.5 ሌላው 3.9 አምፔር ይይዛሉ። እኩል አይደለም፣ ግን ሁለቱም ከአቅማቸው በታች ናቸው። ለዚህ የምንከፍለው ከ250 ዋቱ 7 ዋት ያህል በሽቦው ላይ መጥፋቱ ነው፤ የፓምፑ ቮልትም በግማሽና በአንድ ቮልት መካከል ዝቅ ይላል። ሽቦውን ጠቅልሎ በሳጥን መደበቅ ግን ስለሚያሞቀው ዘርግቼ ግድግዳው ላይ በሚስማር ያዝሁት፤ የአብነት ተማሪዎቹ «የመምህሩ ጌጥ» ይሉታል።

ስለ ፓምፕ አንድ ነገር ልጨምር። ሞተር ሲነሣ ከሚሠራበት ብዙ እጥፍ ጅረት ይፈልጋል። አንዳንድ ኮንቨርተር ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ ጅረቱን በጣሪያው ላይ ይዞ ቮልቱን ይቀንሳል፤ ሞተሩ ቀስ ብሎ ይነሣል፣ ችግር የለም። ሌላው ዓይነት ግን ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ከአፍታ በኋላ እንደገና ይሞክራል፤ እንዲህ ያለው ሞተርን መቼም አያስነሣም። በሳጥኑ ላይ ይህ ብዙ ጊዜ አይጻፍም። ከመግዛቴ በፊት ሻጩን አስፈቅጄ የመኪና የፊት መብራት አምፖሎች ሁለት ሦስት በአንድ ላይ አያይዤ እሞክራለሁ፤ ቀዝቃዛ አምፖል ሲበራ እንደ ሞተር ብዙ ስለሚስብ ቦግ እልም ካለ የኋለኛው ዓይነት ነው።

ከሁሉም በላይ ያደከመኝ በ2013 ዓ.ም. የመጣው የመብራቱ ቦግ እልም ማለት ነው። ማታ ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ሁሉም ቤት ሲያበራ፣ በመስመሩ ጫፍ ያሉት አራት ቤቶች መብራታቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ የላላ ማያያዣ መስሎኝ ምሰሶ ለምሰሶ ወጣሁ፤ አንድም የላላ አልነበረም። ከዚያ ባትሪው ደክሟል አልሁ፤ ባትሪው ጋ ሲለካ ግን 50 ቮልት ነው። በጫፉ ቤት በኦሲሎስኮፕ ሳየው ቮልቱ እንደ ዥዋዥዌ ከ40 በታች እየወረደ ይመለሳል።

የጥንቱ አምፖል ቮልት ሲቀንስበት ደብዝዞ ትንሽ ይስባል፤ ይህም መስመሩን ያሳርፈዋል። ኮንቨርተር የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው። በመውጫው 12 ቮልቱን እንዲጠብቅ ስለተሠራ መግቢያው ሲቀንስበት የጎደለውን በጅረት ይሞላል፤ 500 ዋት የሚጠቀም መንደር በ48 ቮልት 10.4 አምፔር የሚስበው በ44 ቮልት 11.4 ይስባል። ጅረቱ ሲጨምር በሽቦው ላይ የሚጠፋው ቮልት ይጨምራል፤ ቮልቱ ይበልጥ ይወርዳል፤ እርሱም ይበልጥ ይስባል። መሐንዲሶች ይህን ነጌቲቭ ሬዚስታንስ ይሉታል፤ በእኛ መስመር ሲሰላ ከ4.6 ኦም ጋር እኩል የሆነ፣ ምልክቱ ግን የተገለበጠ ነው። ሚድልብሩክ የተባለው መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1976 ያሳየው ደንብ አለ፤ በግርድፉ፣ ከኮንቨርተሩ በፊት ያለው መስመርና ማጣሪያ በየትኛውም የዥዋዥዌ ፍጥነት የሚያሳየው ተቃውሞ ከኮንቨርተሩ መግቢያ ተቃውሞ በብዙ ማነስ አለበት፤ አለበለዚያ ዥዋዥዌው ሊጀምር ይችላል። የእኛ ረጅም ሽቦና የርካሽ ኮንቨርተሮቹ ትንንሽ የመግቢያ ካፓሲተሮች ይህን ደንብ ጥሰዋል።

ይህን ሁሉ ለየኔታ ለማስረዳት ሞከርሁ፤ የመብራቱ መንቀጥቀጥ ማታ የሚያጠኑትን የቅኔ ተማሪዎች ዓይን እየጎዳ ስለነበር ደጋግመው ጠይቀውኝ ነበር። ጥቂት ዝም ብለው ካዳመጡኝ በኋላ «ልጄ፣ ይህማ የመስኖ ነገር ነው። ውኃው ባነሰ ጊዜ ሁሉም የየራሱን ቦይ ካሰፋ የታችኛው እርሻ ይደርቃል። የውኃ አባት የሚሾመው ለዚሁ አይደለም?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ለተማሪዎቼም የማስተምረው በዚሁ ምሳሌ ነው፤ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁምና።

የውኃ አባቱ ሥራ ለሁለት ተከፈለ። አንደኛው፣ በመስመሩ መካከልና ጫፍ 100 ቮልት የሚችሉ ባለ 1000 ማይክሮፋራድ ስድስት ካፓሲተሮች ማስቀመጥ ነው፤ እነዚህ እንደ ትንሽ ኩሬ ሆነው ድንገተኛውን ፍላጎት ይሸፍናሉ፤ በዚህ ዓይነት ካፓሲተር ውስጥ በተፈጥሮው ያለው ጥቂት ሬዚስታንስም ዥዋዥዌውን ያበርደዋል። ሁለተኛው፣ የየቤቱ ኮንቨርተር በዝቅተኛ ቮልት ሲጠፋ ወዲያው እንዳይመለስ ማድረግ ነው። ከዚያ በፊት ቮልት ሲወርድ ይጠፋ ነበር፤ ሲጠፋ መስመሩ ያርፍና ቮልቱ ከፍ ይላል፤ ከፍ ሲል መልሶ ይበራል፤ ይህም ራሱን የቻለ ቦግ እልም ነው። አሁን በ42 ቮልት የጠፋ ከ46 በታች አይመለስም፤ በባትሪው ክፍል ያለው ዋና መቁረጫ ደግሞ በ46 ቆርጦ በ50 ብቻ ይመልሳል። ካፓሲተሮቹን ካስገባን በኋላ ዋናውን ማብሪያ ስንጭን ትልቅ ብልጭታ ፊውዝ በላብን፤ ባዶ ካፓሲተር ለቅጽበት እንደ ተነካካ ሽቦ ነውና። ስለዚህ መጀመሪያ በ47 ኦም ሬዚስተር በኩል ሁለት ሦስት ሰከንድ የሚሞላ ሌላ ማብሪያ አስቀደምን።

ሙቀትን በተመለከተ የምለው አጭር ቢሆንም ከባድ ነው። 60 ዋት የሚያወጣ ኮንቨርተር ብቃቱ 95 በመቶ ከሆነ 3 ዋት ያህል፣ 85 በመቶ ከሆነ ግን ከ10 ዋት በላይ ወደ ሙቀት ይለውጣል፤ ሁለቱም ሳጥን ላይ «ከፍተኛ ብቃት» ተብሎ ይጻፋል። በእኛ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ ሙቀቱን የሚወስድለት አያገኝም፤ አየሩ ቀዝቃዛ ነው ብሎ መዘናጋት አይገባም። የካፓሲተር ዕድሜ በ10 ዲግሪ ጭማሪ በግማሽ ገደማ ያጥራል። ስለዚህ በሳጥኑ ከተጻፈው አምፔር ከሁለት ሦስተኛው በላይ አልጭንበትም፤ ከምድጃ በላይም አልሰቅለውም፤ ጥላሸት የሙቀት ማስተላለፊያውን ክንፎች እንደ ብርድ ልብስ ሸፍኖ ያገኘሁባቸው ሁለት ቤቶች አሉ። የቤቱ እመቤቶች በየወሩ በደረቅ ብሩሽ እንዲጠርጓቸው ከነገርኋቸው ወዲህ ከእነዚያ ቤቶች የተበላሸ የለም።

ምንም ሳይሠሩ የሚበሉትንም አስቡ። 14 ኮንቨርተሮች እያንዳንዳቸው በባዶው 1 ዋት ቢስቡ በቀን 336 ዋት ሰዓት ይሆናል። የባትሪያችን ጠቅላላ 9,600 ዋት ሰዓት ሲሆን ዕድሜው እንዳያጥር የምንጠቀመው ግማሹን ነው፤ ስለዚህ ከምንጠቀመው 7 በመቶው ለማንም ሳያበራ ያልቃል። ፓኔሉ በጉም ተሸፍኖ በሚውልባቸው የሐምሌና የነሐሴ ሳምንታት ይህ የአንድ ምሽት መብራት ልዩነት ያመጣል። ማብሪያውን ከኮንቨርተሩ በኋላ ሳይሆን በፊት ማድረግ ይህን ያድናል፤ ማብሪያው ግን ለዲሲ የተሠራ መሆን አለበት። ኤሲ በየዙሩ ዜሮ ላይ ስለሚያልፍ ብልጭታው ራሱ ይጠፋል፤ ዲሲ ግን ዜሮ ላይ አያልፍም፤ ማብሪያው መስመሩን ሲያቋርጥ የተነሣው ብልጭታ ሊቀጥልና ብረቱን ሊያቀልጠው ይችላል። የመጀመሪያው ዋና ብሬከራችን ለ220 ቮልት ኤሲ የተሠራ ነበር፤ ሲከፈት ውስጡ ከስሎ ተገኘ። የዲሲ ብሬከርም አንዳንዱ የፖዘቲቭና የነጌቲቭ አቅጣጫ ያለው ነውና ተገልብጦ ከታሰረ ያው ነው።

መብረቅን በተመለከተ በሁለቱም የመስመሩ ጫፎች የመብረቅ መከላከያ አስገብተን ከጥሩ የመሬት ዘንግ ጋር አስረናል፤ ነጎድጓድ ሲበረታ ግን አሁንም ዋናውን መስመር ነቅለን እንቀመጣለን።

ባለፈው ዓመት የእርሳስ አሲድ ባትሪዎቹ ስለደከሙ በሊቲየም አይረን ፎስፌት ለመተካት እድሩ ወስኗል። 16 ሴሎች ያሉት ባትሪ ስሙ 51.2 ቮልት ሲሆን ሲሞላ 58.4 ይደርሳል፤ ለብርድ ተብሎ ቮልት የሚጨመርበት ሥርዓትም አያስፈልገውም፤ በአንጻሩ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ መደረግ የለበትም። ስለዚህ ኮንትሮለሩ የሙቀት ማካካሻው ጠፍቶ የብርድ መቁረጫው እንዲበራ መስተካከል አለበት፤ የባትሪው ክፍል ግድግዳም ከውስጥ በጭድና በጭቃ እንደገና እየተመረገ ነው። የየቤቱን 14 ኮንቨርተሮች ከአዲሱ ቮልት ጋር አንድ በአንድ በ60 ዋት ጭነት ለሁለት ሰዓት እየሞከርኋቸው ነው፤ 11 አልፈዋል፣ ሁለቱ ከሚገባው በላይ ስለጋሉ ተቀይረዋል፣ የቀረችው አንዲት የጸጉር ቤቱ ናት፤ ወጣቱ ቅዳሜ ገበያ ሳለ ልትነቀልበት ስላልፈለገ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንሞክራታለን።